ሳነቴ ላይ የፈላው ራዲያተር፦ ጥፋተኛው እውነት ቴርሞስታቱ ነው?

ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደውን መንገድ የሄደበት ሰው አንዲት መኪና በአንድ ቀን ስንት አየር እንደምታይ ያውቃል። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ መንገዱ ሽቅብ እየተጠማዘዘ የአስታውን ቁጥቋጦ አልፎ 4,000 ሜትር ላይ፣ ሳነቴ አምባ ላይ ያወጣችኋል። ጅብራው፣ ቀይ ቀበሮው፣ ጆሮ የሚቆርጠው ንፋስ ሁሉ እዚያ ነው። የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። ከዚያ በኋላ ቁልቁል ነው፤ ሪራን፣ የሀረናን ደን አልፎ ቆላው ዶሎ መና። ጠዋት ጃኬት ደርባችሁ የገባችሁበት መኪና ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ ይጓዛል።

እንዲህ ያለ ዳገት ላይ ሂት አድርጋ፣ ኮፈኗ ተከፍቶ፣ በእንፋሎት ታፍና ዳር የቆመች መኪና ያላየ የለም። መኪናዋ ተጎትታም ሆነ እንደምንም ተነድታ ጋራዥ ስትደርስ ደግሞ አብዛኞቻችሁ የሰማችሁት ምክር ይመጣል፦ «ቴርሞስታቱ ነው፤ አውጥተህ ጣለው፣ ለእኛ አገር አይሆንም።» ይወጣል፣ ይጣላል። የሚገርመው ነገር፣ ብዙ ጊዜ መፍላቱም ይቆማል። ባለመኪናው ተደስቶ ከፍሎ ይሄዳል፤ ምክሩም ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋል።

ምክሩ ስህተት ነው። ባሌ ላይ ደግሞ ከሌላው ቦታ የባሰ ስህተት ነው። ለምን የሠራ እንደሚመስል ካልገባን ግን ስህተትነቱም አይገባንም።

ሰም ያለባት በር

ቴርሞስታት መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ ስፕሪንግ ያላት ክብ ብረት ናት። መሃሏ ላይ ትንሽ የብረት ብልቃጥ አለች፤ ውስጧ ሰም ነው። ሰሙ ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ሲቀልጥ ያብጣል፣ ሲያብጥ ዘንግ ገፍቶ በሩን ይከፍታል። ሲበርድ ይኮማተርና ስፕሪንጉ በሩን መልሶ ይዘጋዋል። በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ገመድ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሰርጂየስ ቬርኔት የተባለ ሰው ያወጣው ይህ ሐሳብ እስከዛሬ ብዙም ሳይለወጥ እየሠራ ነው።

ሥራዋ ምንድን ነው? ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ትዘጋለች። ውሃው እዚያው ሞተሩ ውስጥ ይዞራል፤ ሞተሩ ቶሎ ይሞቃል። ብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ በሩ ከ80 እስከ 84 ዲግሪ መሀል መከፈት ይጀምራል፣ 95 ዲግሪ አካባቢ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። በሁለቱ መሀል ትንሽ ከፈት፣ ትንሽ ዘጋ እያለች ሙቀቱን ትጠብቃለች። «ሞተር የሚያቀዘቅዝ ዕቃ» የሚሏት አሉ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሞተሩ እንዳይቀዘቅዝም እንዳይግልም የምትጠብቅ በረኛ ናት።

በረኛዋን አባረራችሁ እንበል። ውሃው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ወደ ራዲያተር ይሄዳል። በሮቤ ማለዳ፣ ጣት በሚያደነዝዘው ብርድ፣ ሞተሩ ለመሞቅ ዘለግ ያለ ጊዜ ይወስዳል። አጭር መንገድ የምትነዱ ከሆነ ጭራሽ ሳይሞቅ ትደርሳላችሁ። ቀዝቃዛ ሞተር ነዳጅ ይበላል፤ የሞተሩ ኮምፒውተር «ገና አልሞቅንም» ብሎ ቤንዚኑን ያበዛዋል። ዘይቱ ወፍራም ሆኖ ይቆያል፤ ከማቃጠሉ የሚወጣው እርጥበት ከዘይቱ ሳይተን ይቀርና ዘይቱን ያበላሸዋል። ፒስተኑና ሲሊንደሩ ከጊዜያቸው በፊት ይበላሉ። ናፍጣ መኪና ከሆነ ጠዋት ነጭ ጭሱን እያወጣ ይንቀጠቀጣል። የመኪናው ማሞቂያም ይሞታል። ከሳነቴ ወደ ሀረና ቁልቁል ስትወርዱ፣ እግራችሁ ከነዳጅ ላይ ተነስቶ፣ ያ ሁሉ ቀዝቃዛ አየር ራዲያተሩን እየመታው፣ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ጭርሱኑ ይበርዳል። ይህ ሁሉ ጉዳት ድምፅ የለውም። ማንም ሰው መንገድ ዳር አያቆማችሁም፤ ሞተሩ ከሚገባው ዓመት ቀድሞ ያረጃል እንጂ።

ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቷ ሁለት በር ነው ያላት። የራዲያተሩን መንገድ ስትከፍት፣ ከታች ያለችው ሁለተኛዋ ክዳን ውሃው እዚያው ሞተሩ ውስጥ የሚዞርበትን አቋራጭ ትዘጋለች። ቴርሞስታቷን ስታወጧት ያ አቋራጭ እስከመጨረሻው ክፍት ይሆናል። ከውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ይመላለሳል። ስለዚህ ዳገት ላይ፣ ጭነት ይዛችሁ፣ ሞተሩ እንዲያውም ሊብስበት ይችላል። «ቴርሞስታት ከሌለ ውሃው ስለሚፈጥን አይቀዘቅዝም» የሚባለውን ተረት አትስሙ፤ ጉዳዩ ፍጥነቱ ሳይሆን አቋራጩ ነው።

ባሌ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጎባ ላይ ባቄላ ቀቅላችሁ ካያችሁ ቆላ ካለው ዘመዳችሁ ይልቅ እንደሚቆይባችሁ ታውቃላችሁ። ምክንያቱ ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት መፍላቱ ነው። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ባሕር ዳርቻ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ውሃ ሮቤ ላይ 92 ገደማ፣ ጎባ ላይ 91 ገደማ፣ ሳነቴ ላይ ደግሞ 87 ዲግሪ ላይ ይፈላል።

ቅድም ያልኩትን አስታውሱ፦ ቴርሞስታቷ በ82 አካባቢ መከፈት ትጀምራለች፣ ሙሉ የምትከፈተው ግን 95 ላይ ነው። ውሃው 87 ላይ ከፈላ ግማሽም ሳትከፈት ፈላ ማለት ነው!

ታዲያ እንዴት ነው ሳነቴን የሚያቋርጡት መኪኖች ሁሉ የማይፈሉት? መልሱ የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ይህ ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። ፕሬዠር ድስት ምግብ ቶሎ የሚያበስለው በዚሁ መንገድ ነው፤ እንፋሎቱ ሲታፈን ውሃው ሳይፈላ ከፍ ወዳለ ሙቀት ይሄዳል። 0.9 የሚል ደህና ክዳን ያለው ራዲያተር ሳነቴ ላይ እንኳ ውሃው የሚፈላው 111 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክዳኑ ጎማው ከደረቀ፣ ስፕሪንጉ ከደከመ ወይም «ይሄም ይገጥማል» ተብሎ የሌላ መኪና ክዳን ከተደረገበት ግን ወደ 87 እየተጠጋችሁ ነው። በአንዲት ትንሽ ክዳን ምክንያት ከሃያ ዲግሪ በላይ ታጣላችሁ።

የጋራዡ ምክር የሠራ የሚመስለውም ለዚህ ነው። ክዳኑ የሞተ መኪና ሳነቴ ላይ ፈላ። ቴርሞስታቷ ወጣች። ውሃው እንደልቡ ወደ ራዲያተር ስለሚሄድ ሙቀቱ 87 ሳይደርስ ይቀራል፤ አልፈላም። ሁሉም ሰው ቴርሞስታቷን ረገመ። የሞተው ክዳን ግን አሁንም እዚያው ቁጭ ብሏል። መኪናዋ ለሼክ ሁሴን ዚያራ ሰው ጭና ከደጋው ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን ቆላ ስትወርድ፣ በአቧራው፣ በጠራራው ፀሐይ፣ ሙሉ ሰው ተሳፍሮባት መኪናዋን የሚጠብቃት ነገር የለም ማለት ነው። ዚያራው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ መንገዱም ከብርድ ወደ ሙቀት ነው። ቴርሞስታት የተሠራው ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ ነው፤ ከሁለቱ አየር ለአንዱ ብቻ የሚኖር ሰው ሊንቃት ይችል ይሆናል፣ የባሌ ሰው ግን ምን ብሎ?

እንግዲህ ሂት ስታደርግ ቅደም ተከተሉ ይህ ቢሆን እመርጣለሁ፦ መጀመሪያ ክዳኑ፣ ቀጥሎ የውሃው መጠንና ማኒኮቶዎቹ፣ ከዚያ የራዲያተሩ ገጽ። ባሌ ስንዴ አገር ነው። በአጨዳ ሰሞን እብቁና ገለባው የራዲያተሩን ጥርስ ደፍኖት ታገኙታላችሁ፤ ኮምባይነርና ስንዴ የሚጭን አይሱዙ ላይማ የተለመደ ነው። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ቀስ ተብሎ በውሃ ሲታጠብ መፍላቱ በዚያው ሊያበቃ ይችላል። ከዚያ ቬንቲላቶሩና የውሃ ፓምፑ ይታያሉ። ራዲያተሩ ውስጥ ሞተሩ ገና እንደተነሳ አረፋ የሚያወጣ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የቴስታታ ጋርኒሲዮን ሊሆን ስለሚችል ሌላ ጉዳይ ነው፣ አትዘግዩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ጋ ልዘዝ፣ ቀልድ አይደለም። ደህና የሆነ ሞተር በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚሠራው። ሳነቴ ላይ አየር ያገኘ ውሃ በ87 ይፈላል። ስለዚህ መኪናዋ ምንም ሳትታመም፣ ጌጁ መሀል ላይ እያለ እንኳ ክዳኑን ከከፈታችሁ ውሃው በቅጽበት ፈልቶ ፊታችሁ ላይ ይወጣል። ጎባና ሮቤም ልዩነቱ የአንድና ሁለት ዲግሪ ነው። ቆላ ላይ «ጨርቅ ይዤ ቀስ አድርጌ ከፈትኩት» የሚል ሹፌር ደጋ ላይ ያንን እንዲሞክር አትፍቀዱለት። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ራዲያተሩ በእጅ ሲነካ ቀዝቅዞ፣ ያኔ ነው የሚከፈተው።

ስልካችሁን ተጠቀሙበት

ቪትዝ የምትነዱ ልጆች፣ የእናንተ መኪና የሙቀት ጌጅ የላትም። ሰማያዊ መብራትና ቀይ መብራት ብቻ ናቸው ያሏት። ብዙ ሰው ቀዩን ብቻ ይፈራል። ሰማያዊውን እዩት እላችኋለሁ፦ ጠዋት ሲነሳ ይበራል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል። ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላም ካልጠፋ ወይም ቁልቁለት ላይ ተመልሶ ከበራ፣ ወይ ቴርሞስታቷ ተከፍታ ቀርታለች፣ ወይ ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት አውጥቶ ጥሏታል። ያገለገለ መኪና ስትገዙም ይህን ነገር ሞክሩት፤ በነጻ የሚገኝ ምርመራ ነው።

ጌጅ ያለው መኪና ላይ ምልክቱ ይኸው ነው፤ ቀስቱ መሀል ላይ አይደርስም፣ ዳገት ላይ ከፍ ቁልቁለት ላይ ዝቅ ይላል። ተዘግታ ከቀረች ግን ተቃራኒው ነው፦ ቀስቱ በጥቂት ደቂቃ ወደ ቀይ ይሮጣል፣ ራዲያተሩ ግን ሲነካ ቀዝቃዛ ነው። ያኔ አትንዱ። በተዘጋ ቴርሞስታት ጥቂት ኪሎ ሜትር መንዳት ቴስታታውን ሊያጣምመው ይችላል፤ የዚያ ጥገና ወጪ አጠገብ የቴርሞስታት ዋጋ ምንም ነው።

ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የምትገናኝ፣ ከመሪው ሥር የምትሰካ ኦቢዲ የምትባል ትንሽ ዕቃ አለች። በአፕሊኬሽን የሞተሩን ሙቀት በቁጥር ታሳያችኋለች። ሁሉም የቆየ የጃፓን መኪና ላይ አትሠራም፤ ከመግዛታችሁ በፊት የጓደኛ ተውሳችሁ ሞክሩ። ከሠራች ግን 83፣ 86፣ 90 እያለ ሲወጣ፣ ከዚያ ቴርሞስታቷ ስትከፈት ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሲረጋ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ሞተሩ መሞቅ በሚገባው ጊዜ ካልሞቀ ብዙ መኪኖች ፒ-0128 የሚል ኮድ ይጽፋሉ። ያ ኮድ ያለባትን መኪና «ሴንሰር ነው» ብለው ቢሏችሁም መጀመሪያ ቴርሞስታቷን ጠርጥሩ።

(ባጃጅ ያላችሁ ልጆች ይህ ጽሑፍ አይመለከታችሁም። የእናንተን ሞተር የሚያቀዘቅዘው አየር ነው፤ ራዲያተርም ቴርሞስታትም የለውም።)

የቆየው የጋራዥ ፈተና ደግሞ ድስት ነው። ቴርሞስታቷን በክር አንጠልጥሎ ውሃ ውስጥ ማፍላትና ስትከፈት ማየት። ጥሩ ፈተና ነው፤ ባሌ ላይ ግን ይዋሻል። ሮቤ ላይ ውሃው ከ92 አያልፍም፤ ስለዚህ 82 የተጻፈባት ቴርሞስታት ትከፈታለች፣ ሙሉ ግን አትከፈትም። 88 የተጻፈባት ደግሞ ፀጉር ታህል ክፍተት ብቻ ታሳያችኋለች። «ሞታለች» ብላችሁ ደህናዋን እንዳትጥሉ። ጨርሶ የማትንቀሳቀሰውን ወይም ከውሃው ወጥታ በርዳም የማትዘጋውን ነው መጠርጠር።

ገበያ ላይ ደግሞ እንዲህ ነው። ቁጥሩ ቴርሞስታቷ ላይ ታትሟል፤ 76.5፣ 82፣ 88 የተለመዱ ናቸው። የእናንተ ሞተር የሚፈልገውን ቁጥር ግዙ። «ደጋ ስለሆነ ዝቅ ያለውን ልውሰድ» ወይም «ለቆላ ይበርድልኛል» ማለት አያስፈልግም፤ ፋብሪካው ሞተሩን የሠራው ለዚያ ቁጥር ነው። የሞተሩን ስምና ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ፤ «የቪትዝ ስጠኝ» ብቻ አይበቃም፣ ቪትዝ በተለያየ ሞተር ነው የመጣችው። አሮጌዋን ይዛችሁ ሄዳችሁ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፦ የክቡ ስፋት፣ የቁመቷ ልክ፣ ታች ሁለተኛ ክዳን ካላት አዲሷም እንዲኖራት። ስፕሪንጓ ሲጫኑት የሚልፈሰፈስ፣ ቁጥር ያልታተመባት፣ ካርቶኗ ላይ ስሙ በተሳሳተ ፊደል የተጻፈ ከሆነች ተዉአት። መርካቶ ሶማሌ ተራ ሰው ልካችሁ ከምታስመጡ ዕቃ ጋርም ፎቶ አስልኩ እንጂ በስልክ ወሬ አትስማሙ። ከተፈታ መኪና የወጣች ቴርሞስታት ደግሞ በፍጹም አትግዙ፤ የሰሙን ዕድሜ ከውጭ ማንም አያየውም። ጋርኒሲዮኗን አዲስ፣ ክዳኑንም አብራችሁ አዲስ ግዙ።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ይህ ማለት አሁን በእጃችሁ ያለችው መኪና ብዙ ዓመት ልታገለግላችሁ ትገደዳለች። እንዲህ ባለ ጊዜ ሞተርን ሳያሞቁ ማስረጀት ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

መግጠሙ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ራሳችሁ ባትሠሩት እንኳ አጠገቡ ቁሙ። ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ራዲያተሩ ከታች ይቀዳል። ቴርሞስታቷ ያለችው ማኒኮቶው ሞተሩ ላይ በሚገባበት፣ በሁለት ወይም በሦስት ብሎን የታሰረች ክዳን ውስጥ ነው፤ ብዙ ቶዮታ ላይ የታችኛው ማኒኮቶ፣ አንዳንድ መኪኖች ላይ የላይኛው። አሮጌዋን ስታወጡ እንዴት እንደተቀመጠች ፎቶ አንሱ። ስፕሪንጉ ያለበት ጎን ወደ ሞተሩ ነው። ጠርዟ ላይ የምትንቀጫቀጭ ትንሽ ፒን ካለች ወደ ላይ ትሁን፤ አየር የሚወጣው በእሷ ነው። ተገልብጣ የገባች ቴርሞስታት ሞተሩን በመጀመሪያው ዳገት ታፈላዋለች። ፊቱ ይፋቅ፣ ይጽዳ፤ ሲሊኮን በብዛት የሚለቀልቅ መካኒክ ካጋጠማችሁ በትህትና አስቁሙት፤ የተረፈው ተቆርጦ ራዲያተሩን ይደፍናል። ብሎኖቹም እኩል፣ ሳይጨነቁ።

የሚሞላው ንጹህ ውሃ ብቻ ባይሆን እመርጣለሁ። ሳነቴ ላይ ሌሊት ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ቱሪስት ይዛችሁ እዚያ የምታድሩ ሹፌሮች ባዶ ውሃ ያለበት ሞተር በረዶ ሠርቶ ሊሰነጠቅ ይችላል። ኩላንት ከውሃ ጋር እኩል ሲደባለቅ ብርዱንም ዝገቱንም ይከላከላል፣ የመፍያውንም ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። አረንጓዴ ወይም ቀይ ቀለም ብቻውን ግን ኩላንት አያሰኘውም። መርዝ ስለሆነ ደግሞ ልጅና ከብት እንዳይቀምሰው፣ የፈሰሰውንም አጥቡት።

ሞልታችሁ ስታበቁ ማሞቂያውን ሙቅ ላይ አድርጋችሁ ሞተሩን አስነሱ፣ አየሩ እንዲወጣ። ከፍታ ላይ ስለሆናችሁ ክዳኑ ክፍት እያለ ሞተሩን ለረጅም ጊዜ አታቆዩት፤ አረፋው አየር ይሁን መፍላት መለየት ያቅታችኋል። ማኒኮቶው መሞቅ ሲጀምር ክዳኑን ግጠሙ፣ አጭር ዙር ንዱ፣ መልሳችሁ አሳድሩት። በማግስቱ ጠዋት፣ ገና ሳትነሱ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ የጎደለውን ሙሉ። በሁለተኛው ቀን መጉደሉ የተለመደ ነው፤ አየር ወጥቶ ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀንም ከጎደለ ግን ወደ ዶሎ መና ከመውጣታችሁ በፊት ውሃው የት እንደሚሄድ ፈልጉ።